ውሻዎ ምን እያለዎት ነው?

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ የአምስት ዓመቷ ልጇ ውሻቸውን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አቀፈችው። «ሲዋደዱ!» ብለን ፎቶ አነሳን። ማታ ፎቶውን ሳየው ግን ደነገጥኩ። ውሻው ፊቱን ከልጅቷ አዙሯል፤ አፉን ግጥም አድርጓል፤ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ወጥቷል። «በቃሽ፣ ልቀቂኝ» እያላት ነበር።

ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይነክስም። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ከዚያም ባለበት ድርቅ ይላል። ጭራ መቁላትም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ሰውነቱ ላላ ብሎ ከወገቡ ጀምሮ ሲወዛወዝ ደስ ብሎታል፤ ጭራውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በፍጥነት ካርገበገበ ግን ልጅዎን ያርቁ።

ሲያጉረመርም ደግሞ አይምቱት (እኔም ስመታ ኖሬያለሁ)። ማጉረምረም እንደሚያስመታው የተማረ ውሻ በሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የእህቴ ልጅ አሁን ማቀፍ ትታለች። ደረቱን ሦስት እስክትቆጥር ታሻሽና እጇን ታነሳለች። ተመልሶ ከተጠጋት ትቀጥላለች፤ ፊቱን ካዞረ ትተወዋለች።