ከምግብ እጥረት ያገገመ ሕፃንና እርጎ

በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ሕፃን ታክሞ ሰውነቱ ሲመለስ፣ ጉንጩም ሞላ ሲል ቤተሰቡ «ተርፏል» ብሎ እፎይ ይላል። እፎይ ማለቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የሚመለሰው ሥጋው ነው፤ በሽታን የሚከላከለው ኃይሉ ዘግይቶ ይመጣል።

በቦሊቪያ በኮቻባምባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሐኪሞች እንደዚህ ያሉ ሕፃናትን በአልትራሳውንድ ሲከታተሉ፣ ክብደታቸው በአንድ ወር ገደማ ቢስተካከልም በደረት ውስጥ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢ ወደ መጠኑ ለመመለስ ሁለት ወር ያህል ወስዶበታል። ታይመስ ማለት ከነጭ የደም ሕዋሳት ከፊሎቹ በሽታን ለመዋጋት የሚሠለጥኑበት ሥፍራ ሲሆን፣ በረሃብ ጊዜ ክፉኛ ይመነምናል። የአንጀት ግድግዳም እንዲሁ ይሳሳል፤ በውስጡ የሚኖሩት ጠቃሚ ተሕዋስያንም ይዛባሉ። በመሆኑም ሕፃኑ ከሕክምና በወጣባቸው ሳምንታት አንድ ተራ ተቅማጥ መልሶ ሊጥለው ይችላል።

ነገሩ ለእንጅባራና ለዳንግላ እናቶች የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ድንችና ገብስ የማይታጣበት የአዊ ምድርም የዚሁ ክልል ክፍል ነው።

ታዲያ እርጎ ምን ይረዳል? በቅድሚያ የማይረዳውን እንናገር። በማላዊ ብላንታየር ከተማ 795 ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በሕክምና ምግብ ላይ እርጎ ውስጥ የሚገኙትን የመሰሉ ተሕዋስያን ቢጨመሩ የሚድኑት ቁጥር ከፍ ይል እንደሆነ ፈትኖ ነበር። ከፍ አላለም። ስለዚህ ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን በእርጎ አይታከምም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ የሚሰጠው ፕላምፒነትም የእርሱ መድኃኒት ነውና ለታላላቆቹ አይከፋፈል።

የእርጎ ጊዜው ከዚያ በኋላ ነው። ወተት ሲረጋ ተሕዋስያኑ ከወተቱ ስኳር ከፊሉን ስለሚበሉት፣ የተጎዳ አንጀት ከወተት ይልቅ እርጎን በቀላሉ ይቀበላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ተቅማጡ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ለቆየበት ሕፃን፣ ጡት መጥባቱን አዘውትሮ፣ የከብቱ ወተት በእርጎ እንዲተካ ይመክራል። ስድስት ወር ያልሞላው ግን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቅመስ።

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በልማዳችን ጥሬ ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ይረጋል። ሽታው ደስ ያሰኛል፤ ይሁንና ጢሱም ሆነ ኮምጣጣነቱ የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴሎሲስን ተሕዋስያን ለማጥፋት አያስተማምንም። ለሚያገግም ሕፃን ወተቱ በቅድሚያ ይፍላ። ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከተፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ወይም ከሱቅ ከተገዛ የፋብሪካ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ተጨምሮ በታጠበና በፈላ ውኃ በተለቀለቀ ዕቃ ይከደን። የእንጅባራ ብርድ መርጊያውን ያዘገያልና ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃ አጠገብ ማሳደር ይበጃል። ከሥራ መልስ ማታ ያዘጋጀችው እናት ማግሥቱን ወይም በሁለተኛው ቀን ታገኘዋለች። ከረጋ በኋላ ግን እንደገና አይፈላም፤ ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን ይሞታሉና። በቡና ስኒ ጀምሮ፣ ሲለምድ ከተደፈጠጠ ድንች ጋር መስጠት ይቻላል። (እንጀራም በእርሾ የሚቦካ ነው፤ ተሕዋስያኑ ምጣድ ላይ ቢያልቁም፣ ቡኮው በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ብረትና ዚንክ ይፈታል።)

ከሁሉ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሕፃኑ ኃይሉን ከሚመልስበት ጊዜ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትልም። ሕፃኑን የሚያስጾመው የማድቤቱ ሁኔታ ነው፤ ዕቃው በፍስክ እንዳይነካ ተብሎ ለእርሱ ብቻ ወተት የሚያፈላለት ይጠፋል፣ ያለውም ወተት ለፋሲካ ቅቤ ይጠራቀማል። ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ስኒና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልላል። ልቧ ያልረጋ እናት የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ እርሷም የምታጠባ ከሆነች የራሷን ነገር አብራ ታንሣ። ደግሞም በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ በደመወዟ የምታድር እናት በፋሲካ ሰሞን በምትገዛበት ገንዘብ ያን ጊዜ የበለጠ ታገኛለች።