የቆላዋን ኤሊ ለውርጭ አትስጧት

በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያመሽ የደጋ ገበሬ ልቡ አያርፍም። ደመና ከሌለ ምድር ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ወጥቶ ያልቃል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ተጋግሮ፣ ያልተሰበሰበው ባቄላ ጠቁሮ ይገኛል። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በለጋምቦና በተንታ ከፍታዎች፣ በአምባ መቅደላ አናት ከኅዳር እስከ ጥር ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጥጃው ይገባል፣ በጉ ይገባል፣ ሰውም ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። በግቢ ከተሠራ ኩሬ ዳር የምታድረውን ኤሊ ግን የሚያስታውሳት የለም። «ድንጋይ ለብሳ ምን ትሆናለች» ይባላል። ይህ አነጋገር ነፍስ እያጠፋ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ድንጋዩ ልብሷ አይደለም። የጀርባና የጎድን አጥንቷ ሰፍቶ የተጋጠመበት፣ ደም የሚዘዋወርበት፣ ሲነኩት የሚሰማት የገዛ አካሏ ነው። በግ የበላውን ወደ ሙቀት ለውጦ ሌሊቱን ይገፋል፤ ኤሊ ይህ አልተሰጣትም። አየሩ ሲቀዘቅዝ እሷም እኩል ትቀዘቅዛለች።

ደግሞም በየግቢው የምናያት ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ የኩሬ እንስሳ አይደለችም። ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ፈረንጆች በነብር ስም የሚጠሯት የየብስ ኤሊ ናት። አገሯ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ የበዛበት ሞቃት ምድር ነው። ከ10 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ከ50 ዓመት በላይም መኖር ትችላለች። ዋና ላይ ደካማ ናት። ጠርዙ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ከወደቀች መውጫ አታገኝም፤ ሰጥማ ትሞታለች። ውሃ የሚያስፈልጋት ለመጠጣትና እግሯን ለመንከር ብቻ ነው።

የምዕራብ ወሎ አቀማመጥ ችግሩን ያቀርበዋል። ከመቅደላ ወደ በሽሎ፣ ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ጠዋት ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ በዚያው ቀን ላብ በላብ ይሆናል። መካነ ሰላምን በዓባይ ድልድይ ከጎጃሙ ጉንደወይን ጋር የሚያገናኘው መንገድም ደጋውንና በረሃውን አቀራርቧል። አንድ ሹፌር ወይም አንድ ልጅ ከቆላ ያነሣትን ኤሊ በጆንያ ይዞ ወደ ደጋ ለመውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ለእሷ ግን የተወለደችበትን የአየር ጠባይ ለዘላለም የምትለይበት ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ምክር ከሩቅ ይመጣል። ሚኒሶታ ያለ ዘመድ በስልክ «እዚህ ኤሊዎቹ በበረዶ በተሸፈነ ኩሬ ሥር ነው የሚከርሙት፤ አትንኳት» ይላል። ስለ ሚኒሶታ እውነቱን ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስለሆነ፣ ላዩ በረዶ ሲሠራ ሥሩ ሳይረጋ ይቆያል። የዚያ አገር ባለቀለም የኩሬ ኤሊ እዚያ ሥር ገብታ ለወራት አየር ሳትስብ ትቆያለች። ያለ ኦክስጅን በሰውነቷ የሚጠራቀመውን አሲድ እንኳ ከድንጋይዋ ካልሲየም እያወጣች ታበርደዋለች። በጣም ያስደንቀኛል። ይህን ችሎታ ያገኘችው ግን ዘር ማንዘሯ ከበረዶ ጋር ስለኖረ ነው። የእኛዋ የቆላ ኤሊ ይህ የላትም፤ ከብርድ ወራት ጋር የሚሄድ ረጅም እንቅልፍም አታውቅም። ስትደነዝዝ ተኛች ማለት ስሕተት ነው።

በአንድ ዘመዴ ግቢ በታኅሣሥ ያየኋት ኤሊ ከዐይኔ አትጠፋም። ፀሐይ ወጥታ ሳለ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ነበር የምትተነፍሰው። በአፍንጫዋ ቀዳዳ ትንሽ አረፋ ብቅ ይልና ይፈነዳል፤ መልሶ ይወጣል። የዐይኖቿ ቆብ አብጦ ተከድኗል። የትናንቱ ሣር ፊቷ እንዳለ ደርቋል። ቤተሰቡ ለእንግዳ እንዲህ ብሎ ያስረዳል፦ «ብርድ ስለሆነ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ናት።» ታማ ነበር። ኤሊ እንደኛ አስላ አክታዋን ማውጣት አትችልም፤ ለዚህ የሚያገለግለው የሆድና የደረት መለያ ጡንቻ የላትም። በሳንባዋ የገባው እዚያው ይቀራል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ የበላችውም ሳይፈጭ በሆዷ ይበሰብሳል። ብዙ ሳትቆይ ሞተች።

ክረምቱም አይምራትም። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ እንደ ታኅሣሥ ባይከፋ፣ ቀኑ ደመና ነው። ፀሐይ ለመሞቅ የምትወጣ እንስሳ ለሳምንታት ፀሐይ ታጣለች፤ ከሥሯ ያለው መሬት ጭቃ ነው።

እውነተኛዋ የኩሬ ኤሊ፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ የምትደብቀው፣ የተሻለ ትችላለች። በአገራችን ኩሬና ረግረግ ትኖራለች፤ ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። እሷም ብትሆን የምትቀበርበት ጭቃ ትፈልጋለች። ጥልቀት የሌለው የሲሚንቶ ገንዳ በአንድ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ይጨርሳል፤ መደበቂያም አይሰጣትም።

የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ላንሣ። ሕጉን የማይፈራ ሰው ደግሞ ለከብቱ ይፍራ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ይህችን የነብር መልክ ያላትን ኤሊ ጨምሮ ሦስት የአፍሪካ ኤሊዎች እንዳይገቡባት የከለከለችው፣ በላያቸው የሚመጣው መዥገር «ሃርትዎተር» የሚባለውን ከብትና በግ ጨራሽ በሽታ ይዞ እንዳይገባ ነው። በበግ የሚተዳደር ደገኛ የቆላ መዥገር ወደ በረቱ አያስገባም።

አሁን በግቢያችሁ ካለችስ? ማታ ማታ ውጭ አታሳድሯት። በደረቅ ጭድ በተሞላ ሳጥን፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ፣ ጭስ በማያገኛት የቤት ጥግ አኑሯት። ረፋድ ላይ አመዳዩ ሲለቅ ወደ ፀሐይ አውጧት፤ ሳትሞቅ አትመግቧት። እንጀራና ዳቦ ይጎዳታል፤ ሣርና እሾሁ የተነሣለት የበለስ ቅጠል ይበቃታል። አረፋ ካያችሁባት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

ወደ ዱር እንመልሳት ብላችሁ ደንቆሮ ጫካ እንዳትለቋት አደራ። ጫካው የሚገኝበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ደጋ ነው፤ ብርዱም ይገድላታል፣ በሽታም ይዛ ትገባለች። ለፓርኩ ሠራተኞች ወይም ለወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው ባለሙያ ይሁን። ከዓባይ በረሃና ከበሽሎ የምትመለሱ ሹፌሮችም በመንገዳችሁ ኤሊ ስታዩ ቁሙ፤ አሻግሯት፤ ይዛችኋት ግን አትውጡ።