የሰንጠረዥ ረድፎች ቅደም ተከተል የትንታኔው አካል ነው

በመስክ መረጃ ላይ በተመሠረቱ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ውስጥ «ከአንድ በላይ መልስ መስጠት ይቻላል» የሚል ማሳሰቢያ ያለባቸው ጥያቄዎች የተለመዱ ናቸው። የእነዚህ ጥያቄዎች ውጤት በሰንጠረዥ ሲቀርብ ግን ረድፎቹ ብዙውን ጊዜ የሚደረደሩት አማራጮቹ በመጠይቁ ላይ በሰፈሩበት ተራ ነው። ይህ እንደ ተራ የአቀራረብ ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም፤ አንባቢ ከላይ ያገኘውን ረድፍ ዋነኛ ግኝት አድርጎ የመውሰድ ዝንባሌ አለውና።

የልማዱ አንዱ ምንጭ ሶፍትዌሩ ነው። በኤስፒኤስኤስ እያንዳንዱ አማራጭ ራሱን የቻለ የ«አዎ» ወይም «አይ» ተለዋዋጭ ሆኖ ይመዘገብና ተለዋዋጮቹ በአንድ ስብስብ ይጠቃለላሉ። በተለመደው የብዙ ምላሽ ትእዛዝ የሚገኘው ሰንጠረዥ የስብስቡን ተራ ይከተላል፤ ትእዛዙ በድግግሞሽ የመደርደር አማራጭ የለውም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ወደ ኤክሴል ተወስዶ ረድፎቹ በእጅ ሲዘዋወሩ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ስም ጋር ሊጣመር ይችላል። ከስተም ቴብልስ በተባለው ክፍል ግን ድርደራውን በትእዛዝ መፈጸም ይቻላል፤ ትእዛዙም ተጽፎ ስለሚቀመጥ ሥራው ሊደገምና ሊመረመር ይችላል።

ይሁን እንጂ ከብዙ ወደ ጥቂት መደርደር ብቻውን በቂ አይደለም። ለአብነት ያህል፣ ማዳበሪያ ለመጠቀም ስላጋጠማቸው ችግር የተጠየቁ 200 አባወራና እማወራ አርሶ አደሮች በድምሩ 500 ምላሽ ሰጡ እንበል። የዋጋ ውድነትን 150፣ የአቅርቦት መዘግየትን 130፣ የብድር እጦትን 100 መላሾች ጠቀሱ። የዋጋ ውድነት ከምላሾች 30 በመቶ፣ ከመላሾች ደግሞ 75 በመቶ ይሆናል። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ በሁለቱም ስሌት ደረጃው አይለወጥም፤ ትርጉሙ ግን እጅግ ይለያያል።

ውጤቱ በጾታ ሲከፋፈል ጉዳዩ ይወሳሰባል። ከ200ዎቹ 60ዎቹ እማወራዎች ቢሆኑና ከእነርሱ 48ቱ የብድር እጦትን፣ 45ቱ የዋጋ ውድነትን ቢጠቅሱ፣ በጠቅላላ ድምር ሦስተኛ የሆነው ብድር በእማወራዎች ዘንድ አንደኛ ነው። በድምሩ ብቻ የተደረደረ ሰንጠረዥ ይህን ግኝት መሐል ላይ ይሸሽገዋል። ለየቡድኑ የተለያየ ተራ የያዙ ሁለት ሰንጠረዦች ማዘጋጀትም ረድፍ ከረድፍ ማነጻጸርን ያስቸግራል። የተሻለው መንገድ በጠቅላላ ድምር የተደረደረ አንድ ሰንጠረዥ ማቅረብና ከየቡድኑ መቶኛ ጎን የቡድኑን ደረጃ ማስፈር ነው።

የመጠይቁን ተራ መጠበቅ ከአድልዎ ነጻ ያደርጋል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። አማራጮቹ እንደ ወራት ወይም እንደ ዕድሜ ክልል የራሳቸው ተፈጥሯዊ ተራ ሲኖራቸው ይህ ተገቢ ነው። ከዚያ ውጭ ግን የመጠይቁ ተራም ቢሆን የአጥኚው ምርጫ ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ የብዙ ምላሽ ሰንጠረዥ የተደረደረበትን መሠረትና የመቶኛውን አካፋይ ከግርጌው ሊገልጽ፣ «ሌላ» የሚለውንም ረድፍ ምንጊዜም በመጨረሻ ሊያኖር ይገባል። በብዙዎች መጠቀስ እጅግ አሳሳቢ መሆን ማለት እንዳልሆነም በትንታኔው ሊብራራ ይገባል። አማካሪዎችና ፈታኞች «ይህ ረድፍ ለምን ከላይ ሆነ?» ብለው መጠየቅ ቢጀምሩ ብዙ የችኮላ ድምዳሜዎች ገና በረቂቅ ላይ ሳሉ ይታረማሉ።