«እንደታሰበው» እና «እንደተሠራው»

መርከብ ሁለት ጊዜ ይነደፋል። አስቀድሞ፣ ብረቱ ሳይቆረጥ፣ ሊሆን የታሰበው ይነደፋል፤ ኋላም ተሠርቶ ሲያልቅ የሆነው ይነደፋል። በእነዚህ ሁለት ንድፎች መካከል ያለው ልዩነት፣ ውድ አንባቢያን፣ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የብዕር ሰዎችም ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

በምስክርነት የማቀርባት «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት የተገነባች ናት። የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ታስባ፣ «ኦርካ» ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተሰጥታ የአገሪቱን ስም ተቀበለች፤ ምጽዋን መኖሪያዋ አድርጋም የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የመኮንኖች መማሪያ ሆነች።

በዚያ ጦርነት ዘመን ነዳፊው መስመሩን የሚያሰምረው ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደርጎ በተዘጋጀ ስስ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ፣ በጥቁር ቀለም ነበር። ጨርቁ ዋናው ነው። ቅጂ ሲፈለግ የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ተነጥፎ ለብርሃን ይጋለጣል፤ ወረቀቱ በውኃ ሲታጠብ መስመሩ ነጭ፣ መደቡ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ ሰማያዊ ወረቀቶች ለብረት ቆራጩ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይታደላሉ። ከ«ኦርካ» ጋር በአንድ መደብ ከ30 በላይ መርከቦች፣ በተለያዩ መሥሪያዎች መሠራታቸውን ስናስብ የቅጂው ብዛት ይገባናል።

ጦርነት ግን መርከብን በታሰበችበት መልክ አይተዋትም። የአየር ጥቃት ሲበረታ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ይጨመራል፤ ራዳር ይተከላል፤ መኝታ የነበረው ክፍል ወደ መጋዘንነት ይለወጣል። ያኔ ንድፉም መከተል አለበት። በንድፉ ጥግ ባለች ትንሽ ሠንጠረዥ ምን እንደተለወጠ፣ መቼ እንደተለወጠና ማን እንዳጸደቀው ይመዘገባል፤ አዲስ ቅጂም ይታደላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መርከቧ በጥይት ተመትታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውኃ ሲገባ፣ መርከበኛው የሚፈልገው የቧንቧ መዝጊያ አሁን ያለበትን ቦታ እንጂ አንድ ጊዜ ሊገኝ ታስቦ የነበረበትን አይደለም።

የተሳሳተ ንድፍ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻንም። የካቲት 22 ለ23 ሌሊት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ ባደለው የአድዋ ንድፍ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ስም የሰፈረው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ የአገሬው ሰው ወደሚያውቃት ኪዳነ ምሕረት ገሠገሠ፤ ከወገኖቹ ርቆም ብቻውን ከሠራዊታችን ፊት ተገኘ። ድሉ የአባቶቻችን ጀግንነት ነው፤ ይሁንና ያ ያልታረመ ወረቀት ለጠላት ሽንፈት የበኩሉን አድርጓል።

በባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ አንድ መስመር ይሰረዝበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ አራሚው ይፈርምበታል። የተሰረዘው እንደተነበበ ይኖራል። በእኛ ዘንድ ግን የመፋቅ ልማድ የቆየ ነው። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የገባባቸው ብራናዎች ጥቂት አይደሉም። ዘመን በተለወጠ ቁጥርም የታሪካችንን ገጽ ፍቀን እንደ አዲስ እንጽፋለን፤ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደተለወጠ የምትናገር ትንሽ ሠንጠረዥ ግን በጥጉ አንተውም።

«ኢትዮጵያ» የተባለችውንም መርከብ እንዲሁ አድርገናታል። ስለ ባሕራችን የሚጻፈው ግጥምና ትዝታ በአመዛኙ ምጽዋ ላይ፣ በነጭ የደንብ ልብስ፣ በበዓል ቀን ቆሞ ይቀራል። ያ እንደታሰበው ንድፍ ነው። እንደሆነው ንድፍ ግን ሌላም አለው፦ የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤርትራ ነፃ አገር በሆነችበት ዓመት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከዚያ ወደብ በወዲያኛው ወገን ሆኖ ያን ዘመን ያሳለፈ ሰው ትዝታም በዚህ ንድፍ ላይ ቦታ አለው። ዛሬ ስለ ባሕርና ስለ ባሕር ኃይል እንደገና በሚነገርበት ጊዜ፣ በእጃችን ያለው ንድፍ የትኛው መሆኑን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ባልታረመ ንድፍ የሚመራ ሰው ወዴት እንደሚደርስ አልቤርቶኔን ይጠይቋል።

«የግጥም ሥራው ማለም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሕልም ባይኖር መርከብም አይጀመርም። እኔ የምለው ሕልሙ ይቀደድ አይደለም፤ ቀኑ ይጻፍበት፣ የሆነውም ከጎኑ ይቀመጥ ነው።

እኛ ከየካ እስከ እንጦጦ ባለው ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ባሕር አናይም፤ ነገር ግን የታረመ ንድፍ በየቀኑ እናያለን። ምኒልክና ጣይቱ ከተማቸውን በተራራው አናት ላይ አሰቡት፤ ብርዱ ጸና፣ ማገዶው ራቀ፤ በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃው ዙሪያ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ይህች በግርጌው የተዘረጋችው ከተማ የላይኛው ንድፍ እርማት ናት። የላይኛው ቤተ መንግሥት ግን አልተፋቀም፤ ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ እስከ ዛሬ ቆሟል። የታረመውም ይታያል፣ እርማቱም ይታያል። አገርን የሚጽፍ ብዕር እንዲህ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል?