«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ከቡታጅራ ብዙም በማትርቀው እንሴኖ፣ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የገጠመን ጉዳይ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆኖናል። አንድ መምህር የተማሪዎቻቸውን የሴሚስተር ውጤት የያዘ ፍላሽ ይዘው መጡ። በዋዜማው ውጤቱን እየሞሉ ሳለ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ አብሮ ጠፍቷል። ፍላሹ ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት አሮጌ ማሽን ላይ ሲሰካ፣ ዲስኩ ፎርማት እንዳልተደረገና አሁን ፎርማት ይደረግ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ወጣ። ጸሐፊዋም «ፎርማት ካልሆነ አይከፈትም፣ መምህር» አለቻቸው። መምህሩ ዝም አሉ። ውጤቱ በወረቀት አልተገለበጠም ነበር።

ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ገብተን ነበርና «አይ የሚለውን ይጫኑልን» ስንል ለመንናት።

መልእክቱ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀውን መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ የሚናገረው ግን መዝገቡ ነው። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ቢቀደድ ባለሙያው ፋይል ማውጣት ያቅተዋል፤ ፋይሎቹ ግን ከመደርደሪያው አልተነቃነቁም። ኤክስፒም «ፎርማት አልተደረገም» ሲል መዝገቡን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም። ፎርማት ማድረግ ደግሞ በተቀደደው መዝገብ ምትክ አዲስና ባዶ መዝገብ መክፈት ነው።

በፍላሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ፋት 32 የተባለው የፋይል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 ማሻሻያ ጋር የመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ሁሉም ማሽን ያነበዋል። ይሁን እንጂ መብራት በድንገት ሲጠፋ ምን እየጻፈ እንደነበር የሚያስታውስበት ማስታወሻ የለውም። ስለዚህም መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። በአንጻሩ ብልህ የሆነ አንድ ጥንቃቄ አለው፦ የዲስኩን አቀማመጥ የሚገልጸውን የመጀመሪያ ሴክተር ቅጂ፣ ከዜሮ ሲቆጠር ስድስተኛ በሆነው ሴክተር ላይ ያስቀምጣል። የሰንጠረዡም ሁለት ቅጂ ይይዛል። የመምህሩን ፍላሽ ያተረፈው ይህ ነው። በቅድሚያ የፍላሹን ይዘት እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን፤ ከዚያም ቴስትዲስክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ሴክተር ከቅጂው መለስን። መብራቱ ሲጠፋ ተከፍቶ ከነበረው አንድ ፋይል በስተቀር ሁሉም ተገኘ። ያንን አንዱን መምህሩ ከፈተና ወረቀቶቹ ላይ እንደገና ሞሉት።

ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ሌላው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ወጥቶ፣ ከ2001 በኋላ በኤክስፒ አማካይነት ወደ ተራው ተጠቃሚ ማሽን ገባ። ይህኛው መዝገቡን ከመለወጡ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በማስታወሻ ይይዛል፤ መብራት ሲመለስም ማስታወሻውን አይቶ የተጀመረውን ይፈጽማል ወይም ይሰርዛል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለማሽኑ ሃርድ ዲስክ ከዚህ ሌላ መምረጥ ስሕተት ነው ብለን እናምናለን። ሆኖም ማስታወሻው የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ በውስጡ የተጻፈውን ጽሑፍ አይደለም። ስሙ ያለ፣ ሲከፈት ግን ባዶ የሆነ ደብዳቤ ያጋጠመው ሰው ይህን ያውቀዋል።

ያለ ጥፋቱ ፎርማት የሚደረገው ፍላሽ ደግሞ ከተበላሸው ሳይበዛ አይቀርም። አንዳንድ ቫይረሶች ፎልደሮቹን ድብቅ አድርገው በቦታቸው አቋራጭ ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ «ጠፋ» ይላል፤ ባለሙያውም ፎርማት ያደርጋል። በአትሪብ ትእዛዝ የድብቅነቱን ምልክት ማንሳት የደቂቃ ሥራ ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፋት 32 ፍላሽ ሲገለበጥ ኤክስፒ ቦታ የለም እያለ የሚያስቸግረውም፣ ሥርዓቱ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል መቀበል ስለማይችል ነው። ፍላሹ ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት «የማይሠራ ፍላሽ» ተብሎ የተጣለ አይተናል!

ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያም እንደ መድኃኒት በጭፍን ይታዘዛል። ይህ መሣሪያ የሚጠግነው መዝገቡን ነው፤ ባለቤት ያጣባቸውን የፋይል ቁርጥራጮች ፋውንድ በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ አዲስ ስም ሰጥቶ ያከማቻል። ብዙዎች ይህን ፎልደር ቆሻሻ መስሏቸው ይሰርዙታል፤ የጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በውስጡ ሊኖር ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ራሱ መንቋቋት ከጀመረ ደግሞ፣ ከመጠገን በፊት መገልበጥ ይቀድማል።

በስሕተት ፎርማት የተደረገም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥበትም። ኤክስፒ ሙሉ ፎርማት ሲያደርግ እንኳ የቀድሞውን መረጃ በዜሮ አይሸፍንም ነበር፤ መሸፈን የተጀመረው በዊንዶውስ ቪስታ ነው። ዋናው ነገር በዚያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር አለመጻፍ ነው።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 አቁሟል። «ያረጀ ነገር ለምን ታስተምሩናላችሁ?» የሚሉን ተማሪዎች አሉ። እኛ ግን የፋይል ሥርዓትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሣጥንና በቀስት ብቻ አስተምረን የምናስመርቀው ተማሪ፣ የተበላሸ ፍላሽ በእጁ ሲሰጠው እንደማንም ሰው «ፎርማት» የሚለውን ሲጫን አይተን አፍረናል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በየአካባቢው ያሉ ተቋማት የተግባር ፈተናቸውን በዚህ ቢያደርጉት መልካም ነው፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፍላሽ ይሰጥ፣ ውስጡ ያለው ይውጣ።

ይህን ስንል የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ያለችንን አንዘነጋም። ፎርማት በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ እኛ ያደረግነው ግማሽ ቀን ወሰደ፤ ወረፋ የያዘው ደንበኛም አልጠበቃትም። ትክክል ናት። ስለሆነም መረጃ ማውጣት ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ ዋጋው በግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንላለን። መምህሩ የዚያን ቀን ቢጠየቁ የፎርማቱን አሥር እጥፍ ይከፍሉ ነበር።