ካልደፈረሰ አይጠራም

«ለምን አትጀምርም?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አምና መልሴ ብዙ ነበር። መቅረጸ ድምፅ የለኝም። የዜና አጻጻፍ ትምህርቱን ገና አልጨረስኩም። የጋዜጠኛ መታወቂያ የለኝም። ድምፄም ቢሆን ለሬዲዮ የሚሆን አይመስለኝም። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሲሟላ እጀምራለሁ እያልኩ አንደኛ ዓመትን ጨረስኩ።

የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ ነው። ከቤታችን ወደ ታክሲ መያዣው ስወርድ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነበሩ። ሰፈራችን የእርሻ ማሳ ሳለ ያውቁታል። ሲኒ እያጠቡ አንዳንዴ ጣል የሚያደርጓት ወሬ ብቻዋን አንድ ጽሑፍ ይወጣታል። እኔም ታሪካቸውን ለመጻፍ ተመኘሁና በማስታወሻ ደብተሬ 11 ጥያቄዎች አዘጋጀሁ። ግን ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብዬ እሄዳለሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከፈተና በኋላ... ክረምቱ አልፎ ስመለስ ቦታው ባዶ ነው። ጎረቤት ብጠይቅ «ልጃቸው ዘንድ ክፍለ ሀገር ሄደዋል» አሉኝ። የት? እንጃ። አስራ አንዱም ጥያቄ ዛሬም ደብተሬ ውስጥ አለ።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ድራማ መጻፍ የሚፈልገው ጓደኛዬ ኮምፒዩተር እስኪገዛ ይጠብቃል። ሌላዋ እንግሊዝኛዋ እስኪስተካከል ትጠብቃለች። ሲጠይቁን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው። ግን እንቁላሉ እግር የሚያወጣው ዶሮዋ ከታቀፈችው ነው እንጂ መደርደሪያ ላይ ስለቆየማ ይበላሻል!

እስኪ ከእኛው ሙያ አንድ ሰው ላንሳ። ጳውሎስ ኞኞ በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ተወለደ። መደበኛ ትምህርቱ ከ4ኛ ክፍል አላለፈም። ዝግጁ እስኪሆን ቢጠብቅ ኖሮ እስከ መቼ ሊጠብቅ ነበር? እሱ ግን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዓምዱ የአገሩን ሰው ጥያቄ እየተቀበለ፣ በቀልድ እያዋዛ መለሰ። በኋላም «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት» እና «አጤ ምኒልክ» የተባሉትን ትልልቅ የታሪክ መጻሕፍት አዘጋጀ። የአጤ ምኒልክን ደብዳቤዎችም ሰብስቦ አስቀምጦ ነበርና በ1984 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ታትመውለታል።

የዓምዱን ስም ልብ በሉልኝ። «አንድ መልስ አለኝ» አይደለም የሚለው፣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» ነው። የሁሉን ነገር መልስ ከትምህርት ቤት ይዞ የወጣ ሰው አልነበረም። የሚላክለትን ጥያቄ ለመመለስ እያነበበ፣ እየፈለገ አወቀ። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬው ኖሬያለሁ። መጀመሪያ አውቄ፣ ከዚያ ልጠይቅ! ካወቅኩማ ምን ልጠይቅ ነው?

አንድ አስተማሪያችን ይህን ሐሳብ ስነግራቸው «ተጠንቀቅ» አሉኝ። ሳያጣራ የሚያወራ ደፋር ሞልቷል፤ ማይክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ እየተባለ አገር ያወናብዳል አሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ድፍረት ያለ ይመስለኛል። አንዱ ለመጠየቅ መድፈር ነው፤ እሱ ዛሬውኑ ይጀመር። ሌላው ለመመስከር መድፈር ነው፤ እሱ እስኪጣራ ይቆይ። የኛ ችግር ሁለቱን ማምታታታችን ነው። ለመጠየቅ እየፈራን፣ ያልጠየቅነውን ለማውራት ግን አንፈራም።

በዚህ ሴሚስተር ጀርመን አደባባይ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ሄድኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ጊዜ አልፌያቸው ሄጄ፣ በሦስተኛው «አባባ፣ ስለ ሥራዎ ልጠይቅዎት?» አልኩ። «መጀመሪያ ተቀመጥ እንጂ ልጄ» ብለው ዱካ ሳቡልኝ። በስልኬ ልቀርጽ ብዬ መቅጃውን ሳልጫነው ቀረሁ። ዕድሜያቸውን መጠየቅ ረስቼ በማግስቱ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለስንት ዓመት እንደሠሩ የጻፍኩት ከነገሩኝ ጋር አልገጥም ብሎኝ እንደገና ሄድኩ። «አንተ ልጅ፣ ጫማ እንኳን አታሰፋ!» ብለው ሳቁብኝ። አስተማሪዬ ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉረው መለሱልኝ። ይሁን። መቅጃ ሳይጫኑ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይልቅ ያ ዱካ አስተምሮኛል። ካልደፈረሰ አይጠራም የሚሉት ይሄንን ነው።

ዝግጁነት የሚባለው ስሜት ከሥራው በፊት ይመጣል ብዬ ጠብቄው ነበር። ለካ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ያውም እያዘገመ። ዛሬም ሰው ላናግር ስል ሆዴ ይርዳል። ልዩነቱ አሁን እየራደም እሄዳለሁ።

እናንተ አዲስ የገባችሁ የትምህርት ክፍላችን ልጆች፣ መታወቂያውን አትጠብቁ። በዚህ ቅዳሜ ከሰፈራችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሰው ነው፤ እንደኔዋ ቡና አፍይ ይሄዳል፣ ይርቃል። ጥያቄው ግን ደብተር ውስጥ ቀርቶ ይቆጫል።

ቸር ይግጠመን!