ዳግም የተሞላ ጥይት ሲከሽፍ ምላጭ አይሳብም

የስዊዘርላንድ የጦር መሣሪያ ሕግ የተተኮሰን ቀለሃ ለራስ መጠቀሚያ መልሶ መሙላትን ይፈቅዳል። ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ ባሉ የተኩስ ማኅበራት ቀለሃውን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አዲስ ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰውን)፣ ባሩድና አረር አግብቶ የሚተኩስ አባል አይታጣም። በሕጉ በኩል አልፎ መሣሪያ ለያዘ ኢትዮጵያዊ ነዋሪም ይህ በር ክፍት ነው። ጥያቄው የሚነሣው እንዲህ የተሞላው ጥይት በትንሽ ሪቮልቨር ውስጥ ሲከሽፍ፣ ሲነክስ ወይም ከመጠን በላይ ሲፈነዳ ማን ምን ማድረግ አለበት የሚለው ላይ ነው። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው፤ ችግር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥይቱ ነው፤ ሽጉጡ ቀጥሎ ይመጣል። ምክንያቱ እስኪታወቅም አብሮ የተሞላው ጥይት በሙሉ ከአገልግሎት ይወጣል።

ይህን የምንለው ሪቮልቨር፣ በተለይም ትንሹ፣ የጥይትን ጥፋት የሚሸፍን መሣሪያ ስላልሆነ ነው። አምስት ወይም ስድስት ጥይት የሚይዘው ከበሮ የሚሽከረከረው በተኳሹ ጣት ኃይል ነው። ካዝና ያለው ሽጉጥ የጥይቱ ጉልበት ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይቆማል፤ ቀጣዩን ጥይት አያጎርስም። ሪቮልቨር ግን የቀድሞው ጥይት በትክክል ተተኩሶ እንደሆነ አይጠይቅም። ምላጩ በተሳበ ቁጥር ከበሮው ይዞራል፣ መዶሻው ይወድቃል፣ ቀጣዩ ጥይት ይተኮሳል። ስለዚህ ቆም ብሎ የማጣራቱ ሥራ ሁሉ በሰውየው ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው አደጋ ድምፁ ደካማ የሆነ ተኩስ ነው። ባሩዱ በጣም ካነሰ ወይም ጭራሹን ካልገባ፣ ካፕሱሉ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊሰነቅረው ይችላል። ተኳሹ «ጧ» የሚለውን ጠብቆ «ጱፍ» ብቻ ሲሰማ፣ እጁ ላይም የለመደው ግፊት ሲቀር፣ በዚያች ቅጽበት ማቆም አለበት። ሁለተኛው ጥይት በተሰነቀረው አረር ላይ ከተተኮሰ አፈሙዙ ያብጣል፤ ከዚያም አልፎ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው ሜዳ እንዳዞሩ ከበሮውን መክፈት፣ ጥይቱን በሙሉ ማውጣት፣ ከዚያም ቀዳዳው ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ማሳየቱን ማረጋገጥ። ብርሃን ካልታየ ሽጉጡ ለመሣሪያ ጠጋኝ ይሰጣል። በሜዳ ላይ በጥይት ገፍቶ ለማስወጣት መሞከር ዕብደት ነው።

ሁለተኛው፣ መዶሻው ወድቆ «ጠቅ» ብቻ ሲል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥይቱ ከሸፈ ብሎ ወዲያው ምላጩን ደግሞ ይስባል። ካፕሱሉ ግን ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። ምላጩ ሲደገም ከበሮው ስለሚዞር፣ ዘግይቶ የሚነደው ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ተነሥቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ቢፈነዳ አረሩ የሚወጣበት ቀዳዳ አያገኝም፤ የሽጉጡን አካልና የተኳሹን እጅ ነው የሚመታው። ስለዚህ ሽጉጡን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቆ ከዚያ በኋላ መክፈት የብዙ ተኩስ ሜዳዎች ደንብ ነው። የከሸፈው ጥይት ሲወጣ ካፕሱሉ ላይ የመርፌው ምልክት ይታያል። ምልክቱ ጥልቅ ከሆነ ካፕሱሉ እርጥበት ወይም ዘይት ነክቶት ይሆናል፤ ስስ ከሆነ ካፕሱሉ እስከ መቀመጫው አልገባም፣ ወይም የመዶሻው ሞላ ደክሟል።

ሦስተኛው ከበሮው አልዞር ሲል ነው። ሦስት ምክንያቶች አሉት፤ ሦስቱም በዓይን ይለያሉ። ካፕሱሉ ከቀለሃው ግርጌ በጥቂቱ እንኳ ወጥቶ ከቀረ ከኋላ ያለውን ብረት እየነካ ከበሮውን ይይዘዋል። የቀለሃው ከንፈር አረሩን በደንብ ካልቆነጠጠው ደግሞ፣ ትንሽና ቀላል ሽጉጥ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ በኃይል ስለሚገፋ፣ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረራቸው ወደ ፊት እየተጎተተ ይወጣል፤ በመጨረሻም አንዱ ከከበሮው ፊት ብቅ ብሎ ይቀረቀራል። ሦስተኛው፣ ያልነደደ የባሩድ ፍርፋሪ ቀለሃ በሚያወጣው ኮከብ ሥር ገብቶ መሆኑ ነው። የትንሽ ሪቮልቨር የማውጫ ዘንግ አጭር በመሆኑ ቀለሃውን እስከ መጨረሻው አይገፋውም። ስለዚህ ቀለሃ ሲወጣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ፣ ከበሮው ወደ ምድር ሆኖ ዘንጉ በአንድ ጊዜ በኃይል መገፋት አለበት፤ ፍርፋሪውም አብሮ ይራገፋል።

አራተኛው ባሩድ በዝቶ የሚመጣው ነው። ቀለሃው ከከበሮው አልወጣ ይላል፤ የካፕሱሉ ጠርዝ ተደፍጥጦ ከቀለሃው ግርጌ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዳንዴም ቀለሃው ከጎኑ ይሰነጠቃል። በትንንሽ ሪቮልቨሮች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው 38 ስፔሻል ጥይት እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ቀለሃው የተሠራው በጥቁር ባሩድ መጠን ነው፤ ውስጡ ሰፊ ነው። የዛሬው ፈጣን ባሩድ ከዚያ ቦታ ጥቂቱን ብቻ ይሞላል። በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት እንኳ አይፈስም፣ አፉም አይሞላም፤ አረሩ ከላይ ገብቶ ሲዘጋ ጥፋቱ ከዓይን ይሰወራል። ሃምሳ ቀለሃ በአንድ ማቀፊያ ላይ ደርድሮ አረር ከመግባቱ በፊት በጥሩ መብራት አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህን ሥራ ለደቂቃ ያህል የሚያቋርጥ የስልክ ጥሪ ለአንድ ቀለሃ ሁለት መጠን ባሩድ፣ ለቀጣዩ ደግሞ ባዶ ሊያተርፍለት ይችላል።

የአራቱም ችግሮች መነሻ በአብዛኛው የሚዛን፣ የዓይንና የማስታወሻ ጉድለት ነው። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ መቀመጥ የለበትም። የባሩዱ መጠን ከባሩዱ አምራች መጽሐፍ ይወሰዳል እንጂ ከጓደኛ አፍ አይወሰድም። እያንዳንዱ ሣጥን ቀኑ፣ የባሩዱ ዓይነትና ሚዛኑ፣ የአረሩም ክብደት ይጻፍበታል። ካልተጻፈበት ሣጥን የወጣ ጥይት ሲከሽፍ መንስኤውን መፈለግ አይቻልም፤ ስለዚህ መተኮስ የለበትም።

«ታዲያ ከሱቅ መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ ተገቢ መልስ ይገባዋል። በስዊዘርላንድ መልሶ የመሙላት ልማድ ከርካሽነት በላይ ምክንያት አለው። የስዊስ ጦር እ.ኤ.አ. በ1882 የተቀበለው፣ በሩዶልፍ ሽሚት የተነደፈው ባለ 7.5 ሚሊሜትር ሪቮልቨር ዛሬም በሰብሳቢዎችና በማኅበራት እጅ አለ። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓራቤሉም ሽጉጥን ስለተቀበለ ለዚያ አሮጌ መሣሪያ የሚሆን ጥይት እንደ ዘመናዊው በየሱቁ አይገኝም። ባለቤቱ ራሱ ካልሞላ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ የዚያ ዘመን ብረት የዛሬውን ጥይት ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ ለእርሱ የሚስማማውን ለስላሳ ጥይት ሊያዘጋጅ የሚችለው ተጠንቅቆ የሚሞላ ሰው ነው። ስለዚህ ሙያውን የሚከለክል ሐሳብ አንደግፍም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ቀለሃን መልሶ በመሙላት ረገድ የራሳችን ታሪክ አለን። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ጥይት በአገራችን ገበያዎች እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ያለቀ ቀለሃም በአገር ቤት ባሩድና እርሳስ ዳግም ይሞላ ነበር። በዚያው ዘመን በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሸዋ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ለመሆን በቃ። ንጉሡ አንድ ጊዜ ጠመንጃ ሠርቶ እንዲያሳያቸው አዝዘውት ሠርቶ አቀረበ ይባላል። 

ጄኔቫ ደግሞ ስለ ጥይት ማጣት የተመከረባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. የ1919ኙ የሳን ዠርማን ስምምነት አፍሪካን በአብዛኛው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የጦር መሣሪያ ክልከላ ቀጣና አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው ኢትዮጵያ በ1925 ጄኔቫ ላይ በተደረገው የመሣሪያ ንግድ ጉባኤ ተሟግታ ከዚያ ልዩ ቀጣና እንድትወጣ አደረገች። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ግን፣ በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ፣ ታላላቆቹ መንግሥታት ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ በር ዘጉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ይህንም በደል አሰምተዋል። አባቶቻችን ቀለሃ መልሰው የሞሉት ጥይት እንደ ልብ ስላላገኙ ነው፤ አደጋውን የተቀበሉት አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። ዙሪክ ውስጥ በትርፍ ጊዜው የሚሞላ ሰው ይህ ምክንያት የለውም። ችግር ያላስገደደው ሰው ጥንቃቄው ከእነርሱ መብለጥ ይኖርበታል።

የሕጉ አካሄድም ይህንኑ ይደግፋል። የስዊዘርላንድ የጦር መሣሪያ ሕግ ከወጣበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየጠበቀ ሄዷል። በግንቦት 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 63.7 በመቶ የሚሆነው መራጭ ሕጉ ከአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ጋር እንዲጣጣም ደገፈ። በሕጉ መሠረት ጥይት ሊገዛ የሚችለው መሣሪያውን ሊይዝ የሚችል ሰው ብቻ ነው፤ በጉዞ ጊዜ መሣሪያና ጥይት ተለያይተው ይያዛሉ፤ መሣሪያው ሌላ ሰው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ መሣሪያ ለማግኘት ከአገሩ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። ዓለም አቀፉም ሂደት ጥይትን ከመሣሪያው ለይቶ ማየት ጀምሯል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጥይት ከተመረተበት እስከሚወገድበት ጊዜ የሚጠበቅበትን ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ተቀብሏል።

በኢትዮጵያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን፣ መጠገንንና ማዘዋወርን ይከለክላል። በስዊዘርላንድ የተፈቀደ ነው ብሎ የሞላውን ጥይት ያለ ፈቃድ ለዘመድ ስጦታ ወደ አገር ቤት የሚወስድ ሰው ሕግ ይጥሳል፤ ወንድሙንም ለአደጋ ያጋልጣል። በገጠር ያለ ባለ መሣሪያ በማን እንደተሞላ የማያውቀው ጥይት ሲነክስበት የሚሄድበት የመሣሪያ ጠጋኝ፣ የሚያየው መጽሐፍ፣ የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ፍርዳችንን በአምስት ነጥብ እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ ዳግም የተሞላ ጥይት የሚተኮሰው በሞላው ሰው ሽጉጥና በተኩስ ሜዳ ብቻ ነው፤ ለጓደኛ አይሰጥም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ አንድ ጥይት ሲከሽፍ ወይም በድምፁ ሲያጠራጥር፣ አብሮ የተሞላው ሣጥን በሙሉ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ከመካከሉ ደህናውን መርጦ መተኮስ የለም። ሦስተኛ፣ የመሣሪያው አምራች ዳግም የተሞላ ጥይት እንዳይገባበት ካስጠነቀቀ ማስጠንቀቂያው ይከበራል። አራተኛ፣ ለአሮጌ ሪቮልቨር የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ሽጉጡን በጠጋኝ ያስመረምራል። አምስተኛ፣ የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ከማኅበሩ ልምድ ካለው ሰው ጋር ተቀምጦ ይማራል፤ ብቻውን ከመጀመሩ በፊት ሥራው በሌላ ዓይን ይታይለታል።

ለተኩስ ማኅበራት የምንለው አለን። አዲስ አባል፣ በተለይም የአገሩን ቋንቋ ገና በደንብ ያልያዘ ስደተኛ፣ ደንቡን በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ አድርጉ። «ጠቅ» ሲል ጠብቅ፣ «ጱፍ» ሲል አቁም የሚለው ትምህርት በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ብቻ ሊቀር አይገባም። ለቤተሰብም እንዲሁ፤ ጥይት የሚሞላበት ጠረጴዛ ሕፃናት የማይደርሱበት ክፍል ይሁን፣ ባሩዱና ካፕሱሉ ተቆልፈው ይቀመጡ።

ለአንባቢያችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ሳጥንህ ውስጥ ማን እንደሞላው የማታውቀው ጥይት ካለ ነገ ወደ ካንቶንህ ፖሊስ የጦር መሣሪያ ክፍል ደውለህ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቅ። አትተኩሰው፣ አትስጠው፣ አትጣለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል፤ አንድ ሣጥን ጥይት ማጣት የሰው እጅ ወይም ዓይን ከማጣት ይሻላል።